የሃይ ማላካሉ የፍሎሪን ሊቅ

ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የጁባዋን ሃይ ማላካልን ግን እግዜር አብዝቶ ባርኮ ክቡር ጋሼ አለባቸውን ሰጥቷታል። ክቡርነታቸው የጄኔሬተር መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ በትርፍ ጊዜያቸው፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ፣ በወርቅውሃ ምግብ ቤት ተቀምጠው ዓለምን ያስረዳሉ። "ነገሩ ቀላል ነው" ካሉ የሁሉም ምሳ ይቀዘቅዛል። ወርቅውሃን ስለ ገዛ ወጧ ሳይቀር አስረድተዋታል፤ አንድም ቀን ረትታቸው አታውቅም።

ዘንድሮ ጉልበቷ አብጦ አላስኬድ አላት። አዲስ አበባ ሄዳ ኤምአርአይ እንድትነሳ ታዘዘ። እሷ ግን ያንን ጠባብ ቱቦ ፈርታ እያነከሱ መኖርን መረጠች። ይሄኔ ክቡርነታቸው ወንበር ሳቡ። የእህታቸው ልጅ ሄቨን ውጭ አገር የምታጠናውን አንዴ በስልክ ነግራቸዋለች፤ ለእሳቸው አንዴ ይበቃል።

"ነገሩ ቀላል ነው። ማሽኑ የሚያየው በሰውነትሽ ውሃና ስብ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ነው። ፍሎሪን ግን ሥጋሽ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። በመርፌ ሲሰጡሽ፣ ወደ ሕመሙ የሚሮጡት ሴሎች ይውጡትና እነሱ ብቻ ይታያሉ። የሃይድሮጅኑንና የፍሎሪኑን ሥዕል ትደርቢያለሽ፣ አለቀ።"

"አልገባኝም ጋሼ" አለች። ስህተት ነበር።

ወዲያው ስድስት የቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂዎች ሰብስበው አንጸባራቂ ሰደርያ አለበሷቸው። ገበያው ሃይድሮጅን፣ ሰደርያው ፍሎሪን፣ ጭቃ የያዘው የጭነት መኪና ደግሞ ሕመሙ ነው። "ወደ ሕመሙ ሩጡ" ብለው ፎቶ ሊያነሱ ጣሪያ ላይ ወጡ። ነጂዎቹ "ማፊ ሙሽኪላ"፣ ችግር የለም፣ አሉ፤ ሰዓቱ ግን የምሳ ነበርና ስድስቱም ተያይዘው ወርቅውሃ ኩሽና ገቡ።

"ሕመሙ ኩሽናው ውስጥ ነው" ብለው አወጁ ክቡርነታቸው ከጣሪያው ላይ።

ወርቅውሃ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረች። ቱቦው ውስጥ ማሽኑ መደብደብ ሲጀምር ልቧ ድንግጥ አለ፤ ስድስቱ ሰደርያዎች ትዝ ሲሏት ግን ሳቋ አመለጣት፣ ባለሙያውም "አትንቀሳቀሺ" ብሎ ሁለቴ ተቆጣት። ሐኪሙ ያለ ቀዶ ሕክምና እንደምትድን ነገራት። ስለ ፍሎሪኑም ጠየቀችው። "የእኛ ማሽን የሚያየው ሃይድሮጅን ብቻ ነው፤ ሁለቱን ማጣመር ገና የተመራማሪዎች ሥራ ነው" አላት።

ጁባ ስትመለስ ቤቱ በደንበኛ ጢም ብሎ ጠበቃት።

"እህስ፣ ፍሎሪኑ ታየ?" አሉ ጋሼ አለባቸው።

እሳቸውን መርቻው፣ የሐኪሙ መልስ፣ እጇ ላይ ነበር፤ ሰፈሩ ለዓመታት የተመኘው ድል። አየቻቸው። እኚህን አድካሚ ሰው ምን ያህል እንደምትወዳቸው ያወቀችው ያኔ ነው።

"ጋሼ፣" አለች፣ "እኔን እዚያ ቱቦ ውስጥ ያስገባኝ የእርስዎ ፍሎሪን ነው።"

አልዋሸችም።