አንድ ዳገት ብቻ ነው የቀረው

ከአዲስ አበባ ተራራ ሊወጣ የሚነሳ ቡድን ውሃ ረስቶ ሊሄድ ይችላል፤ ጃንጥላም ረስቶ ሊሄድ ይችላል። «ደርሰናል እኮ!» የሚል ሰው ሳይዝ ግን ሄዶ አያውቅም። ይህ ሰው መንገዱን አያውቀውም፤ ከዚህ በፊትም ረግጦት አያውቅም። እርግጠኛ ግን ነው።

ለኮልፌዎቹ የደረሷቸው ክቡር ጋሽ ሀምዱ ናቸው። ክቡርነታቸው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጦር ኃይሎች ላይ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበሩ። ባዶ ሚኒባስ አጠገብ ቆመው «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!» እያሉ ስንቱን አስሩጠዋል። ሰውዬው እያለከለከ ሲገባ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። በኋላ ጉልበታቸው ሲደክም ሥራውን ተዉት፤ ጉሮሯቸው ግን መተዋቸውን አልሰማም።

ይህንን ጎረቤታቸውን ዙቤዳን ያህል የሚያውቅ የለም። በግራዋ በር የሚበይድ፣ በቀኟ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ፣ ከፊት ለፊቷ ደግሞ ጋሽ ሀምዱ አሉ። የሰፈሩ ሰዎች በነሐሴ፣ ከጊንጪ ወዲያ ካለው ተራራ አናት ላይ ያሉትን ሁለት ሐይቆች እንይ ሲሉ ፈጥና የተመዘገበችው ለሐይቆቹ ብላ አልነበረም። በሕይወቷ አንድ ሰዓት ጸጥታ አምሯት ነው። ውሃው ዳር ለብቻዋ ቁጭ ብላ፣ ማንም ሳይጠራት።

በጉዞው ቀን ብርሃን ሳይሞላ ሚኒባሱ ጋ ስትደርስ በሩ ላይ ማን ቆመው ቢሆን ጥሩ ነው?

«ጠጋ ጠጋ በሉ! አንድ ሰው ብቻ!»

ጫካው መግቢያ ላይ ክቡርነታቸው ሰዉን ለሁለት ለሁለት አሰለፉት። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ስለሆነ አንዱ በመንገዱ፣ ጓደኛው በጭቃው ሄደ። ከላይ የሚወርዱ ላሞች ሲመጡም አንድ በአንድ ተራ አስይዘው አሳለፏቸው። ላሞቹ ከጦር ኃይሎች ተሳፋሪ የተሻለ ሥነ ሥርዓት ነበራቸው።

«ስንት ቀረን?» ሲባሉ መልሳቸው ያው ነው፤ «አንድ ዳገት! አንድ ዳገት ብቻ ነው የቀረው!»

አምስተኛው ዳገት ላይ ሹፌሩ ጉታ ግንድ ተደግፎ ቆመ። «ፋዘር፣ ይቺ አንድ ዳገት አታልቅም እንዴ?»

«አንተ ዝም ብለህ ጠጋ በል!»

ዙቤዳ አልቻለችም። «ጋሽ ሀምዱ፣ በአላህ ልለምንዎት፣ ሐይቁ ጋ ስንደርስ እንኳ ትንሽ ዝም ይበሉልኝ።»

«እኔ?» አሉ ከልባቸው ተገርመው። «እኔ መች ተናገርኩ?»

በቃ፣ ዙቤዳ መላ ዘየደች። የጫማዋን ክር የምታስር መስላ ጎንበስ አለችና ሰዉን አሳለፈችው። የጋሽ ሀምዱ ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እንዴት ደስ አላት! አንድ ጥድ ሥር ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ጥዱ ራሱ የለም። ጉሙ ወርዶ ጫካውን ውጦታል፤ በየት እንደመጣችም ጠፋት። የተመኘችው ጸጥታ ሙሉ በሙሉ ደረሳት፤ እሷ ግን ፈራችው። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደች፣ ሁለት እርምጃ ተመለሰች።

ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ከዚያ ከወደ ላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ያ የምታውቀው ጉሮሮ ተሰማ።

«አየር ጤና! ቤቴል! ዙቤዳ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!»

በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገሩ። ዙቤዳ አፏ ላይ የመጣላትን ለቀቀችው፤ «ወራጅ አለ!»

«እዚህ ፌርማታ የለም! በድምፄ ነይ!»

በድምፃቸው ሄደች። ወደቀች፣ ተነሳች፣ ሄደች። እሳቸውም አላቋረጡም፤ ከጦር ኃይሎች ወዲያ ያለውን ፌርማታ ሁሉ ጨርሰው እንደገና ጀመሩ። ስትደርስ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸው ግን ተዘግቷል።

ጉሙ ተገፈፈ። ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ ወፍ እንኳ አይጮህም። ዙቤዳ የለመነችውን አንድ ሰዓት አገኘች። ግማሹን ሐይቁን ስታይ፣ ግማሹን ከፔርሙስ ሻይ እየቀዳች ለጋሽ ሀምዱ ስታጠጣ ጨረሰችው። ጉሮሯቸው እንዲከፈት በልቧ ዱዓ እያደረገች መሆኗን ስታውቅ ሳቀች።

ቁልቁለቱን ወርደው ሚኒባሱ ውስጥ ሲገቡ ጉታ ሞተር አስነሳና በሩ አጠገብ ወደተቀመጠችው ዙቤዳ ዞረ። «ማዘር፣ በሩን ዝጊው፤ ሁሉም ገብቷል።»

ሁሉም አልገባም። ሰው ሁሉ ጋሽ ሀምዱ የት እንዳሉ የሚያውቀው በድምፃቸው ነበርና፣ ድምፅ ሲጠፋ መቅረታቸውንም ያየ የለም። ዙቤዳ በሩን ይዛ ወጣች። ወደ ጫካው ዞራ፣ መጀመሪያ እያፈረች፣

«አንድ ሰው!» አለች። «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!»

ክቡርነታቸው ጉልበታቸውን ይዘው ከዛፎቹ መሃል ብቅ አሉ። ሰሟት፣ ቆሙ፣ ፊታቸውን አጨፈገጉ። እጃቸውን ወደ ላይ እያነሱ ምልክት ሰጧት፦ ከፍ አድርጊው፣ ይሄ እንኳን ሰው ላም አይጠራም።

ዙቤዳ ከፍ አደረገችው።