የኦቦ ለሚ የአውሮፓ መኪና

መኪናውን ሳይሆን መኪናው የመጣበትን አገር የሚነዳ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሰበታ ውስጥ አንድ ጎረቤት አሉኝ፤ ኦቦ ለሚ ይባላሉ። ኋላዋ ረዘም ያለ አሮጌ ስቴሽን ዋገን አላቸው። "ይኸው ሞዴል ለዓረብ አገር ሲሠራ ማሞቂያ የለውም፤ ለጃፓን ሲሠራ መሪው በቀኝ ነው። የእኔ ግን የአውሮፓ ነው!" ይላሉ፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስጨርሱ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ባለቤቴን ምጥ ያዛት። ዝናቡ ይወርዳል፤ ባጃጅ የሚባል የለም። ሮጬ ኦቦ ለሚን ጠራኋቸው። ወዲያው መጡ፤ በሩን ከፍተው ግን፣ "ይኸውልሽ፣ የዓረቡ ቢሆን ኖሮ…" ብለው ጀመሩ።

"ኦቦ ለሚ፣" አለች ባለቤቴ ጥርሷን ነክሳ፣ "አሁን ካልነዱት እዚሁ መውለዴ ነው!"

ነዱት። ጤና ጣቢያ ደርሰን ብዙም ሳንቆይ ባለቤቴ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

በማግስቱ ሊወስዱን መጡ። መኪናዋን ቀድመው አሙቀዋታል። ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሹ ቀስ ብለው ይነዳሉ፤ ትንፍሽ አይሉም። ዝምታቸው አሳሰበኝና ደስ ይበላቸው ብዬ፣ "ለመሆኑ የአውሮፓው ከዓረቡ በምን ይለያል?" አልኳቸው።

በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ቀስ ብለህ አውራ እንጂ ሰውዬ! ልጅቷ ተኝታለች።"