ዓዶ የተሰጠችላት ሴት

ዘር ቆጣሪ የሌለበት ከተማ ካለ ንገሩኝ፤ የልብስ ስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ዛሬውኑ እገባለሁ። ዘር ቆጣሪ ስምህን ብትነግረው አይበቃውም። ከአባትህ ወደ አያትህ፣ ከአያትህ ወደ ቅድመ አያትህ እየጎተተ ይወስድሃል፤ መንገድ ላይ ስትደናቀፍ ደግሞ ደስ ይለዋል።

የእኛ የቡርኦ ከተማ ሰዎች ዘር ቆጣሪ የሙታን ሁሉ መዝገብ ቤት ሹም፣ የወተት ተራዋ እመቤት፣ ክብርት ኤዶ ቱስሞ ናቸው። ኤዶ የምንላቸው እንደ አክስት ስለምንፈራቸው ነው እንጂ አብዛኞቻችንን አይዘመዱንም። ከሱቄ ፊት ለፊት የግመል ወተት ሲሸጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። መጀመሪያ ግን አይቀዱም። ጣሳውን በመዳፋቸው ከድነው፣ "ቁጠር!" ይላሉ።

ትቆጥራለህ። አባቶቹን የማይቆጥር ሶማሌ የለም፤ አምስት ዓመት ሳይሞላን በአለንጋ የተማርነው ነው። አስረኛው ላይ ትንሽ ከተንተባተብክ ግን አለቀልህ። "ገና አስር ላይ ደከመህ? በል እኔ ልጨርስልህ!" ብለው የገዛ አባቶችህን፣ ተሰልፎ በቆመው ሕዝብ ፊት፣ እስከ ሃያ አምስተኛው ያንበለብሉልሃል።

አንዴ ቀብር ላይ ስለ ሟቹ የሚናገረው ሽማግሌ ሰባተኛውን አባት ዘለለ። ኤዶ ቱስሞ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ሆነው፣ "ጌሌን ዘለላችሁት! ሰውየውን ያለ አባት ልትቀብሩት ነው?" ብለው ጮኹ። ንግግሩ እንደገና ከአንድ ተጀመረ፤ አስከሬኑ ፀሐይ ላይ ጠበቀ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ወተት የጫነውን መኪናቸውን አስቆመ። "የማን ልጅ ነህ?" አሉት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፖሊሱ የወንድማቸው ልጅ ሆኖ ጣሳ ሲያወርድ አየሁት። እኔማ እሳቸውን ሽሽት ጠዋት ጠዋት በጓሮ በር ነበር ሱቄ የምገባው።

ባለፈው ዓመት ልጃቸው ኢድል ሴት ልጅ ወለደች። ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው። ኢድል ሕፃኗን እንዳቀፈች፣ "እማ፣ ያንቺን አያት ስም ላውጣላት። የእናትሽን እናት። ማን ነበር ስሟ?" አለቻቸው።

ኤዶ ቱስሞ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም።

እናታቸው ቀመር የሞቱት እሳቸው ጡት ሳይጥሉ ነው። አባቶችን ያስቆጠራቸው ሞልቷል፤ ስለ እናቶች የነገራቸው ግን አልነበረም። በማግስቱ ወተት አልቆብኝ ብሄድ "ቁጠር" ሳይሉኝ ቀዱልኝ። "ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አባት ስቆጥር የገዛ አያቴን አልጠየቅኩም። አፈር ልብላ!" አሉኝ።

ያን ዘመን የሚያውቁ አንድ ሰው ቀርተው ነበር፤ የእናታቸው አባት የነበሩት የሸርማርኬ የወንድም ልጅ፣ ዘጠና አምስት ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ሮብሌ። የሚኖሩት ኦድወይኔ ነው። ሕፃኗ በተወለደች በአምስተኛው ቀን ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ከሳቸው ስሸሽ የኖርኩት ሰው ምን እንደነካኝ እንጃ።

ሽማግሌው ግራር ሥር ምንጣፍ ላይ ተጋድመው ነበር። ማን እንደመጣ ሲነገራቸው ሠላሳ አባቶች ሳይተነፍሱ ቆጠሩ። ኤዶ ቱስሞ እንደ ተማሪ እጃቸውን አጣምረው እስኪጨርሱ ጠበቁ።

"የሸርማርኬ ሚስት?" አሉ ሮብሌ። "አውቃታለሁ እንጂ! ከምሥራቅ የመጣችው። ጠይም ናት። ወተት ትደብቅልኝ ነበር።"

"ስሟስ፣ አጎቴ?"

"እኛ 'የምሥራቋ' ነበር የምንላት።"

"ባሏስ ምን ብሎ ይጠራት ነበር?"

"'አንቺ' ነዋ! ሌላ ምን ይበላት?"

ከዚያ በድንገት ፊታቸው በራ። "ለሷ ጥሎሽ የሰጠናት ግመል ግን ዓዶ ነበር ስሟ! ነጭ፣ እንደ ዳመና የነጣች። የማግዳት እኔ ነበርኩ። ሲወስዱብኝ ሦስት ቀን አለቀስኩ። የዓዶ እናት ሒቶ፣ የሒቶ እናት ጎዶን..." እያሉ እስከ ሰባተኛዋ ወጡ። አንዷንም አልዘለሉም።

ኤዶ ቱስሞ መሬት መሬቱን እያዩ፣ "የግመሏን እናቶች እኮ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ፣ አጎቴ" አሉ።

"ግመል እኮ ናት፣ ልጄ!" አሉ ሽማግሌው ቅር ብሏቸው። "የግመል ዘር የሚቆጠረው በእናት ነው። ይህን ሳታውቂ ነው ዘር ቆጣሪ የሚሉሽ?"

ስንመለስ ኢድል በሩ ላይ፣ "እማ፣ ስሟን አመጣሽልኝ?" ብትላቸው፣ "የግመሏን ነው ያመጣሁት" ብለው ገቡ። በሰባተኛው ቀን የአባቷ ወገኖች ሕፃኗን ሐሬዶ አሏት፤ ፍየል ታረደ፣ ተበላ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሮብሌ ሞቱ። አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ያቺ ሴት ለሁለተኛ ጊዜ የሞተች ያህል ነው፣ ይህም ያንገበግበኛል።

ኤዶ ቱስሞ ዛሬም ጣሳውን በመዳፋቸው ይከድናሉ። ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እናቶችህን ቁጠር" ነው የሚሉት። ሰልፈኛው ይስቃል። የመጀመሪያው ቀን እኔም ስቄ ጀመርኩ፤ "እናቴ እብላ፤ የእብላ እናት ዋርሳን፤ የዋርሳን እናት..." ብዬ ቆምኩ። ለወትሮው ከአፌ ነጥቀው ነበር የሚጨርሱልኝ። እንዲጨርሱልኝ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ።

"አላውቅም፣ ልጄ" አሉኝ።

በጓሮ በር መግባቱን ትቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ጣሳዬን ይዤ ፊታቸው እቆማለሁ። እኔ ሁለት ቆጥሬ ዝም እላለሁ፤ እሳቸውም "ቀመር" ብለው ዝም ይላሉ። ከኋላ የቆመው ሰው ፀሐዩ ገደለን እያለ ያጉረመርማል። ከዚያ እጃቸውን ከጣሳው ላይ ያነሱና ይቀዱልኛል።