የፒሩ ዋግና ጋሼ ቆይማ

የፒር ዛፍ ባለበት ሁሉ ከፈንገሱ ቀድሞ የሚደርስ አንድ ዘመድ አይታጣም። ለዚህች ፒር አብቃይ ሴት የደረሷት የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ ዞር ሲሉ ግን ቤተሰቡ በሙሉ «ጋሼ ቆይማ» ነው የሚላቸው። ሰላምታቸውም ስንብታቸውም «ቆይማ! ይሄ ምንድን ነው?» ነዋ።

ክቡርነታቸው እርሻው ከገቡ ቅጠል ሳይገለብጡ አይወጡም። «ሰውም ቅጠልም የሚታወቀው ከጀርባው ነው» ይላሉ። አንዴ ጥቁር ነጠብጣብ አይተው «የቅጠል እከክ ገባ! አለቀልን!» ብለው መንደሩን ቀወጡት። እሷ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ብትጠርገው የትራክተር ግራሶ ሆኖ ተገኘ። የእህቷ ልጅ ለሠርጓ ፎቶ ዛፍ ተደግፋ ስትቆም ደግሞ «ቆይማ! ግንዱ አላማረኝም» ብለው ሙሽራዋን ከነቬሏ እጇን በሳሙና አስታጠቧት። የሰው ቤት ተጋብዘው እንኳ ሰላጣውን ሳይገለብጡ አይጎርሱም።

«እኒህ ሰውዬ እኮ ያልታመመ የሚቀብሩ ናቸው!» ትላለች ለባሏ፣ በሽቃ።

ባሏ ግን ለቀልድ ልብ አልነበረውም። ያለፈው ዓመት ፍሬ በበረዶ ረግፏል። «ዘንድሮም ከከሸፈ ዛፎቹን ነቅለን ሌላ ነገር እንሞክራለን» ካለ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ዛፎቹን በእጇ ነው የተከለቻቸው።

አበባው እንደረገፈ ዝናብ ሳያባራ ሰነበተ። ሲያባራላት ወጥታ ብታይ፣ በአጥሩ በኩል ባሉት ዛፎች ቅጠል ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ! በምራቅም በጨርቅም አሸችው፤ ወይ ፍንክች። አንዱን ቅጠል በመሐረብ ጠቅልላ፣ «አላልኩሽም?» መባሉን እየፈራች፣ አጥር ለአጥር ወደሚዋሰኗት ጋሼ ቤት ሮጠች።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። በወፍ ኩስ እሪ የሚሉት ሰው ቅጠሉን ገልብጠው፣ መነጽሩን ወልውለው፣ እንደገና አዩት።

«ዋግ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «አይዞሽ፣ ከፒር ወደ ፒር አይዛመትም። ከጥድ ነው የሚመጣው።»

ሁለቱም እኩል ወደ መስኮቱ ዞሩ። ደጃፉ ላይ ጋሼ እንደ ልጅ ጠጉር እየከረከሙ ያሳደጉት ጥድ ቆሟል። ወጥተው ገለጥ ቢያደርጉት፣ ካበጠው ቅርንጫፍ ላይ ዝናብ ያራሰው ብርቱካናማ ዝልግልግ ፈንገስ ተንጠልጥሏል።

«የሰው ቅጠል ስገለብጥ የራሴን ደጅ ሳላይ!» አሉ። መጋዝ አመጡና በገዛ እጃቸው ጣሉት።

እሷና ባሏ የታመሙትን ቅጠሎች ለቅመው ቀበሩ፤ በቀሩት ላይ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ረጩ። ነጠብጣቡ ባለበት ቆመ። ፍሬው ጠና፤ ባሏም ስለ መንቀል ማውራቱን ተወ። እፎይ አለች።

ጋሼ ግን ከሐፍረት ብዛት ወደ እርሻው መምጣት ተዉ። መጀመሪያ «ተገላገልኩ» አለች። ሰንበት ሲል ግን ሌሊት ቅጠል በነፋስ ቢንኮሻኮሽ እንኳ ከአልጋዋ ብድግ እያለች እርሻውን መዞር ጀመረች፤ ደግሞም የገዛ ዓይኗን አላመነችውም።

ፍሬው ሊለቀም ሲቃረብ ቤታቸው ሄዳ የእርሻውን በር ትርፍ ቁልፍ እጃቸው ላይ አኖረች።

«በፈለጉ ሰዓት ይግቡ፣ ጋሼ። እኔ እንደ እርስዎ መጠራጠር አልችልበትም።»

«ከዚያ ሁሉ ጣጣዬ በኋላ?» አሉ አቀርቅረው።

«የተቆረጠው እኮ ጥዱ ነው፤ እርስዎ አይደሉም።»

በማግስቱ ማለዳ በመስኮት አየቻቸው፤ ከዛፍ ዛፍ እየዞሩ፣ ለብቻቸው እየተከራከሩ። መጋረጃውን መልሳ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ፣ ለጥ ብላ ተኛች።