ለብቻው የበቀለው ኑግ

ጽሕፈቴ እንደ ጭራሮ የተንጋደደ ስለሆነ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩትም በመከራ ነው፤ ግድፈቱን እናንተው እያቃናችሁ አንብቡልኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ነው የምጽፈው።

በእኛ አገር፣ በኮላ ድባ ዙሪያ፣ ልጅ ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። የልጅቱ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል፤ የልጁም እንደዚሁ። ከሰባቱ አንዱ ከተገናኘ ዘመድ ናቸው፣ ጋብቻ የለም። ይህን የሚያውቅ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ኑግም ዘመዱን ይለያል! ያውም ያለ ሽማግሌ።

አምና አጥራችን ሥር አንድ ኑግ ለብቻው በቀለ። ከብት እንዳይበላው በእሾህ አጠርኩለት፤ መስቀል ሲደርስ ቢጫ በቢጫ ሆነ። ደርቆ በመዳፌ ባሸው ግን ገለባ ብቻ! እናቴ "ምነው ልጄ፣ ጧት ማታ እያየሽው ዓይን በላው እኮ" አለችኝ። እኔም አመንኩ። ስንት ቀን ጥፋተኛ ሆኜ ሰነበትኩ። በኋላ የሳይንስ መምህራችንን፣ ልጆች ሁሉ እስኪወጡ በር ላይ ጠብቄ፣ ጠየቅኋቸው።

"ኑግ የራሱን የአበባ ብናኝ ያውቀዋል፤ ቢያርፍበትም አይቀበለውም" አሉኝ። "ንብ ከሌላ ኑግ ካላመጣችለት ፍሬ አይዝም። ያንቺው ጎረቤት አልነበረውም።"

እፎይ! ዓይኔ ነፃ ወጣ።

ዘንድሮ ፈተና እንደጨረስኩ ደግሞ ለእኔ ሽማግሌ ተላከ። እኔ የምፈልገው ጎንደር፣ አራዳ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ዘጠነኛ ክፍል መግባት ነበር። አባቴ ግን "ቆጠራው ካለፈ ሰጥቻለሁ" ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ኖሯል። እስቲ እኔ ምን ልበል? እኔ እንኳን ለአባቴ፣ ለጎረቤት ድመትም "ሂጂ" ማለት አልችልም።

የሁለቱንም መንደር ዘር የሚቆጥሩት አያ ደምሴ ናቸው። አባቴ ራሱ ከአራተኛው በላይ አያውቅም። ዓርብ ዕለት መጡና "ዓይኔም ልቤም ደክሟል፤ እኔ ልጥራ፣ አንቺ ጻፊ" አሉኝ። ጠሩ፣ ጻፍኩ። ደብተሩንም ለእኔው ትተው ሄዱ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው እንዳነብ ታዘዝኩ። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ለማለት የምሸማቀቀው ልጅ! የልጁን ወገን ጨርሼ የራሴን ጀመርኩ። ስድስተኛው ላይ "ቀዩ ዘወልድ" አልኩ። የልጁም ስድስተኛ ቀዩ ዘወልድ ነበሩ።

"ምነው አያ ደምሴ፣ እስከ ዛሬ ዝም ይሉናል?" አለ አባቴ።

አያ ደምሴ ጥቂት አሰቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔማ ጠርጥሬ ነበር!"

የልጁ አጎት ሳቁ። "ሸጋ ምራት ፍለጋ መጥተን እህት አግኝተን ልንመለስ!" ጠላቸውን ጨርሰው ሄዱ። አባቴም ቃሉን ሳያጥፍ ተገላገለ።

ይኸው አሁን አራዳ ነኝ፤ ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። ግን ኑጉ ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴ ይቀላል። እሱ የሚመልሰው በእውነት የራሱን ነው። እኔ ግን፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ ዓርብ አያ ደምሴ እንደወጡ ስድስተኛውን አያቴን ፍቄ የልጁን አስገባሁ። ከዚያ ገጽ ሁሉ አጥርቼ የጻፍኩት ስም እሱን ብቻ ነው።