በእማዬ አልበም ላይ ያረፉት ቢራቢሮዎች

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ሰው ቤት እንግዳ ሆናችሁ ሄዳችሁ፣ ገና ተደላድላችሁ ሳትቀመጡ አልበም ጭናችሁ ላይ ዱብ ያላለባችሁ ማን አላችሁ? የቤቱ እመቤት ወጡን ልታሞቅ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ ባልየው ለስላሳ ሊያመጣ ወጣ ይላል፣ እናንተ ግድግዳ ላይ አፍጥጣችሁ እንዳትቀሩ ደግሞ አልበሙ ይሰጣችኋል። ከዚያማ የማታውቁት ሕፃን ክርስትና ሲነሳ፣ የማታውቁት ጎረምሳ ሲመረቅ፣ የማታውቋቸው ባልና ሚስት ላንጋኖ ዳር ቆመው ዓይናቸውን ከፀሐይ ሲከልሉ እያያችሁ ትገልጣላችሁ። «ይሄ ማን ነው?» ማለት ግዴታ ነው። ካላላችሁ ኩራተኛ ናችሁ፤ ሦስት ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ወጡ እስኪያርር ታሪክ ትሰማላችሁ።

በየአልበሙ ግን አንድ የማይጠየቅ ነገር አለ። ትከሻው ላይ የሰው እጅ ያረፈበት ሰው ታያላችሁ፤ የእጁ ባለቤት ግን የለም። በመቀስ ሄዷል። ወይ የቀድሞ ባል ነው፣ ወይ የከዳች ሚዜ፣ ወይ በርስት የተጣላ ወንድም። ጨዋ እንግዳ እዚህ ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠራርግና ቶሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። እኛ ሰው ስንጣላ ፍርድ ቤት ሄደን ልንታረቅ እንችል ይሆናል፤ ከፎቶ የቆረጥነው ሰው ግን ይግባኝ የሚልበት ቦታ የለውም።

የእኛም ቤት አልበም እንደዚያ ነበር። ከእማዬ አልበም የተቆረጠችው ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ የሺ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አስራ ሰባት ዓመት አባቴ ሲሞት አክስቴ የሺ ቀብር አልመጣችም። ይቅር፣ ሰልስት ትመጣለች ተባለ፤ አልመጣችም። አርባም አልፎ ቀረች። እናንተም የዚህ አገር ሰው ናችሁና የዚህን ክብደት አላስረዳችሁም፤ ከሠርግ የቀረ ሰው ሰበብ ይፈለግለታል፣ ከለቅሶ የቀረ ሰው ግን ሰበብ የለውም። እማዬ የአርባው ድንኳን በፈረሰ ማግስት አልበሙን አወጣችና «በባሌ ቀብር ያልቆመች፣ በእኔም ፎቶ ላይ አትቆምም» አለች። ከዚያ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። መቀሱን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ልጅ አልነበርኩም፤ ባለትዳር ሰው ነበርኩ። «እማዬ፣ ተይ እንጂ» ማለት ስችል አቀበልኳት።

አሥር ፎቶ ቆረጠች። የቆረጠችው ደግሞ ፊቷንና አንገቷን ብቻ ነው። ቀሚሱ እንዳለ ነው፣ ቦርሳው እንዳለ ነው፣ ጫማውም አለ። በሦስቱ ፎቶ ላይ ያለው ጫማ የእማዬ የራሷ፣ ለእህቷ ያዋሰችው ጫማ ስለነበር እሱን መቁረጥ አልፈለገችም።

እንዲህ ሆነን ዓመታቱ ነጎዱ። እማዬ ኮተቤ፣ አክስቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፤ በአንድ የከተማ ጫፍ እየኖሩ በሁለት አገር ሆኑ። ዘንድሮ ክረምት ላይ እማዬ የግቢው በር ጋ ተንሸራታ እግሯ ተሰበረ። ጄሶ ታስሮላት አልጋ ላይ ዋለች። ዝም ብሎ መተኛት የማይሆንላት ሴት ናትና አልበሟን አስመጥታ ስትገልጥ፣ የድሮው ፕላስቲክ ቢጫ ሆኖ፣ ሙጫው ደርቆ፣ ፎቶው ሁሉ አንሶላው ላይ ረገፈ። እማዬ አለቀሰች። ለእግሯ አላለቀሰችም፣ ለፎቶው አለቀሰች።

እዚህ ላይ ልጄ ሜላት ገባችበት። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ አያቷን ትወዳለች፣ ስልኳን ደግሞ ከአያቷ በትንሹ አስበልጣ ትወዳለች። «እማማ፣ አታልቅሺ፣ እኔ ስክራፕቡክ አደርግልሻለሁ» አለች።

«ፎቶ መለጠፍ ነው?» አልኳት እኔ።

«አባዬ ደግሞ! መለጠፍ ብቻ አይደለም፤ ያጌጣል፣ ይጻፍበታል፣ ቫይብ አለው። ስቲከር ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ።»

ስቲከር! እንግዲህ በዚህ ከተማ ስቲከር ይጠፋል ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ታክሲው በስቲከር ተሸፍኖ የሚሄድ፣ የመብራት ምሰሶው በ«ቤት የሚከራይ» የተለበሰ ከተማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ይበቃናል ብዬ ወጣሁ። የመጀመሪያው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የደብተር ስም መለጠፊያ ሰጠን። ሁለተኛው የሚስቁ ክብ ፊቶች አወጣልንና «ለኬጂ ነው አይደል?» አለኝ። ሦስተኛው የቅዱሳን ሥዕል ነበረው፤ ሜላት ተሳለመችና መለሰችለት። እሷ የምትፈልገው አበባ፣ ቢራቢሮ፣ አሮጌ የሚመስል ወረቀት ነው። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ «ልጄ፣ ይሄ ነገር እዚህ አገር የለም» አልኳት።

«የለም አይባልም፣ ይሠራል» አለችኝና ሾላ ገበያ ይዛኝ ገባች።

ይኸውላችሁ፣ እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሾላ ገበያን የማውቀው ለሽንኩርትና ለቅቤ ነው። ያን ቀን ግን ሌላ ሾላ አየሁ። ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ቁራጭ ጥልፍና ዳንቴል፣ ከአንዲት ሴትዮ ጣሳ ውስጥ የድሮ ካፖርት ቁልፍ፣ የሠርግ ካርድ ከሚያትመው ልጅ ወርቃማ የካርቶን ጥራጊ ሰበሰበች። ሰው የጣለውን እያነሳች «አባዬ፣ እየው!» ትላለች። እኔም ቀስ በቀስ እያየሁ መጣሁ። በነጋታው ደግሞ ወደ እንጦጦ ይዛኝ ወጣች። ከፓርኩ አለፍ ብሎ ከመንገዱ ዳር የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ቀዩን ለብቻ፣ ብርማውን ለብቻ ለቀመች። ከዚያ ላይ ሆኜ ቁልቁል ከተማውን ሳየው፣ ኮተቤም የካ አባዶም በአንድ መዳፍ የሚሸፈኑ ሆነው ታዩኝ፤ ምን ይሆን ያራራቃቸው ብዬ ገረመኝ። ቅጠሎቹን በመሥሪያ ቤቴ ወፍራም መመሪያ መሐል አስገብታ አደረቀቻቸው። በሃያ ዓመት አገልግሎቴ መመሪያው ፍሬ ያለው ሥራ ሲሠራ ያየሁት ያኔ ነው።

ቀዳዳዎቹ ግን ቀሩ። አሥር ፊት የሌላቸው ቀሚሶች። ቅጠል አይሸፍናቸው፣ ዳንቴል አያምርባቸው። ሜላት እንደገና ሾላ ወሰደችኝና የታክሲ ስቲከር የሚቆርጡ አንድ አዛውንት ሱቅ ገባን። ጋሽ ከድር ይባላሉ። ሱቃቸው ከወለል እስከ ጣሪያ «ወራጅ አለ»፣ «በሩን ቀስ» እያለ ይጮኻል።

«ለምን ዓይነት መኪና ነው?» አሉ።

«ለመኪና አይደለም ጋሼ፣ ለእናቴ አልበም ነው» አልኳቸው።

ሜላት በስልኳ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አንድ በአንድ አዩ። «ይቺ የተቆረጠችው ሴት ሞታለች?»

«ኧረ የለም፣ የካ አባዶ ነው ያለችው።»

ጋሽ ከድር አንዱን ጥቅል ላስቲክ ወደ ጎን ገፍተው ሌላ አወረዱ። «ለሞተ ሰው ቢሆን የማይነሳውን እሰጣችሁ ነበር። በሕይወት ላለ ሰው ግን ይሄኛው ይሻላል። ይነሳል፣ ተመልሶም ይለጠፋል» አሉ።

ከዚያ ምላጭ አነሱ። እርሳስ የለ፣ ማስመሪያ የለ፣ ዝም ብሎ እጃቸው ዞረ፤ ቢራቢሮ ወጣች። ክንፏ ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ተቆርጧል። እንደገና ዞረ፤ ሌላ ወጣች፣ ከመጀመሪያዋ የማትመሳሰል። እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ። «በሩን ቀስ» እያነበብኩ ስንት ዓመት የተሳፈርኩበትን ጽሑፍ የሚቆርጠው እጅ እንዲህ ያለ እጅ ነው? አሥሩን ጨርሰው፣ ልንወጣ ስንል፣ «ቆዩ፣ ምራቂ» ብለው አሥራ አንደኛዋን ጨመሩልን። «ትርፍ መጫን ክልክል ነው» የሚልም ሰጡን፤ እሱን ሜላት ስድስት ወንድማማቾች በአንድ ሶፋ ላይ የተደራረብንበት ፎቶ ስር ለጠፈችው።

አልበሙ አለቀ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት፤ ያምራል ብቻ ማለት ይከብደኛል። የገዛ ልጅነቴ እንደዚያ ያማረ መሆኑን አላውቅም ነበር። እማዬ አንድ በአንድ ገለጠችው። ቢራቢሮዎቹ ጋ ስትደርስ በጣቷ ዳሰሰቻቸውና «በአንድ ክንፋቸው ብቻ ነው የተለጠፉት?» አለች።

«አዎ እማማ፣ የሚበሩ እንዲመስሉ።»

«ጥሩ። ምራቂዋን ለእኔ ተዪልኝ። አልበሙም እኔ ጋ ይደር።» ከዚያ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። «ከአልጋው ስር ያለውን የብስኩት ቆርቆሮ አቀብለኝ።» አቀበልኳት። መርፌና ክር ያለበት መስሎኝ ነበር፤ በሁላችንም ቤት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያለው መርፌና ክር አይደል?

በሳምንቱ፣ እሑድ ከሰዓት፣ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። አክስቴ የሺ ናት። በሁለት ታክሲ መጥታ፣ በፌስታል ብርቱካን ይዛ፣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጨምድዳ ቆማለች። አርጅታለች። «እግሯን ሰማሁ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እማዬ ከአልጋዋ ሆና አየቻት። «ግቢ» አለች። አክስቴ ገብታ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባለቤቴ ወጡን ላሙቅ ብላ ወደ ጓዳ አመለጠች። እግሩ እንዴት ነው፣ ደህና ነው፤ ዝናቡ በዛ፣ በዛ።

እኔስ ምን ላድርግ? እጄ ከልጅነቴ ጀምሮ የለመደውን አደረገ። አልበሙን አንስቼ ጭኗ ላይ አኖርኩላት።

ሁለተኛውን ገጽ ስትገልጥ ነው ምን እንደሠራሁ የገባኝ። አስራ ሰባት ዓመት ቆይታ የመጣችን ሴት፣ ራሷ የተቆረጠችበትን አልበም አቀበልኳት! ሜላት በዓይኗ በላችኝ። ልንጠቅ ብል ይብሳል። አክስቴ በእኛ ሠርግ ቀን የለበሰችውን ቀሚስ አወቀችው። ከቀሚሱ በላይ ቢራቢሮ አለች። ጣቷን አስጠጋች፣ መለሰች፣ እንደገና አስጠግታ ክንፏን በጥፍሯ ብድግ አደረገች።

ከስር ራሷ አለች። ፊቷ፣ አንገቷ፣ የዚያን ቀን ያደረገችው ጉትቻ። በቀዳዳው ልክ፣ ፀጉር እንኳ ሳይዛነፍ ገጥሞ ተለጥፏል።

በሚቀጥለው ገጽም አለች። በሚቀጥለውም። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። እኔ ደግሞ ዓይኔ ወደ ብስኩቱ ቆርቆሮ ሄደ። ጉድ ነው! ቤቱ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፣ አልጋው ተለውጧል፣ አይጥ ገብቶ የክረምት ልብስ በልቷል፤ አሥር የጥፍር ያህል ፊቶች ግን አንድም ሳይጎድሉ ኖረዋል። ሰው የቆረጠውን ሰው እንዴት አስራ ሰባት ዓመት ከአልጋው ስር ያኖራል? እኔ ቂም እየጠበቀች ነው ስል፣ ለካስ እህቷን እየጠበቀች ነበር።

አክስቴ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች። የአባቴ ቀብር ቀን፣ ድንኳኑ ፊት ለፊት፣ ሁላችንም በጥቁር። ከእማዬ ጎን፣ ሸራው ላይ፣ ምራቂዋ ቢራቢሮ አርፋለች። አክስቴ አነሳቻት። ከስሯ ሸራው ብቻ ነው። ምንም የለም።

«እዚህስ?» አለች።

«እዚያማ አልነበርሽም» አለች እማዬ፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ። «ቦታሽ ግን አለ።»

አክስቴ አልበሙን እንደያዘች ተንሰቀሰቀች። «ከባልሽ ጋር በመሰላል ተኳርፈን ነበር እኮ» አለች። «ተውሶኝ አንዱን እርከን ሰብሮ መለሰልኝ፤ እኔም ተናግሬ አስቀየምኩት። ሳንታረቅ ሞተ። በምን ዓይኔ ሬሳው ፊት ልቁም? ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ነገው ራቀኝ።»

እማዬ ዞረች። «ለመሰላል?» አለች። «እሱ እኮ ሊሞት ሲል ‹የየሺን መሰላል ሳላሠራላት› ብሏል።»

አክስቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቦርሳዋን ከፈተች። ለቀበሌ መታወቂያ የተነሳችው ጉርድ ፎቶ ነበራት፤ የዚህ አገር ሰው ያለ ጉርድ ፎቶ አይንቀሳቀስም። አንዱን አወጣች፣ ሜላት ሙጫ ሰጠቻት። ከእማዬ ጎን፣ ባዶው ቦታ ላይ ለጠፈችውና በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ያዘችው።

እንዲህ ሆኖ አክስቴ የሺ የአባቴን ቀብር ደረሰች። አስራ ሰባት ዓመት ዘግይታ፣ ሽበት አብቅላ፣ የመታወቂያ ፎቶ ነውና ሁለቱንም ጆሮዋን አውጥታ። እማዬ አልበሙን ተቀብላ አተኩራ አየችና «አሁንም ፎቶ ስትነሺ ትደነግጫለሽ» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ፤ ባለቤቴም ወጡን ለሦስተኛ ጊዜ አሞቀችው።

እኛ ቤት ከመጣችሁ አልበሙ ይሰጣችኋል፤ የማቀብላችሁም እኔ ነኝ። ቢራቢሮዎቹን ብድግ አድርጋችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ «ይቺ ማን ናት?» ማለትም አይከለከልም። መቀስ ግን እኔን አትጠይቁኝ።