ዳቦውን ማን ይቁረሰው?

እኔና ባለቤቴ በዚህ ዓለም ላይ አብረን ያከናወንነው የመጨረሻ ሥራ ስለ ጨው መጨቃጨቅ ነው።

ባል ያላችሁ ሴቶች ይህን ስትሰሙ አትደነግጡም። ወንድ ልጅ ስለ ዳቦ የሚያውቀው ነገር ቢኖር የጎደለውን ብቻ ነው። ዱቄቱን አይነፋም፣ እርሾውን አይጠብቅም፣ ኮባውን ቆርጦ አያመጣም፣ ከላይና ከታች በሚነደው እሳት ፊቱ አይለበለብም። ዳቦው በስሎ ሲቀርብ ግን ቢላዋውን የሚይዘው እሱ ነው። ይባርካል፣ ይቆርሳል፣ ያኝካል፣ ከዚያ ይፈርዳል።

የእኔው ታደሰም እንደዚሁ ነበር። ጣልያን ደብረ ታቦር ከገባ ወዲህ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ወርዶ ነበርና ቤቱ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ሊሄድ በተነሣበት በመጨረሻው ጠዋት ስንቁን ቋጠርኩለትና ትኩስ ድፎ ዳቦ አቀረብኩ። በስመ አብ ብሎ ቆረሰ። ጎረሰና ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አኘከ።

«ጨው ያንሰዋል» አለ።

«መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ጨው ከየት ይምጣ? አንበሳሜ ገበያ ድረስ ሄጄ አጥቼ መጣሁ።»

«አለ መቼ አልኩ? ያንሰዋል ነው ያልኩት።»

«እንግዲያው ጨው ያለበት ቤት ካገኘህ እዚያው ቅር።»

ሳቀ። ጨው ያንሰዋል ያለውን ዳቦ ግማሹን በላ፣ የቀረውን ስንቁ ላይ ጨመረና ሄደ። ጥይት ሲስተው ከርሞ፣ ቆላ ሲወርድ ንዳድ አገኘው። እዚያው ቀረ።

ይህን የምጽፈው በዝግታ ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝ ቄሱ አባቴ ናቸው፤ ሴት ልጅ ማንበብ ከቻለች ይበቃታል ብለው ጽሕፈቱን በጥድፊያ ነው ያሳዩኝ። እጄ ቀርፋፋ ነውና ታገሡኝ።

ታደሰ ሲሞት ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሴቶች ብቻ ነን፤ እኔ፣ ልጄ ትርንጎና ታናሿ ጥሩዬ። በእኛ አገር ደግሞ የበዓል ዳቦ የሚቆርሰው አባወራው ነው። አባወራው ከሌለ የቅርብ ወንድ ዘመድ ይቆርሳል። ታዲያ ነገሩ በመቁረስ ቢያበቃ መልካም ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ እያየው የበዓሉን ዳቦ የቆረሰ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ የዚያ ቤት ነገር ሁሉ የሚጠየቀው እሱን ነው። በሬው ይሸጥ ወይስ ይቆይ፣ ልጅቱ ለማን ትዳር፣ ማሳውን ማን ይረስ...

የቅርብ ወንድ ዘመድ ነበረን። የታደሰ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ደምሴ። ጋሼ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም። ከቤቴ ግርጌ ያለችውን የስንዴ ማሳ ሲያዩ ብቻ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። «አንቺ ብቻሽን እንዴት ትችይዋለሽ?» ይላሉ፣ ማሳዋን እያዩ። እኔን እያዩ ብለውት አያውቁም። ልጆቼ ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ከዚያች ማሳ ነው። እሷ ከሄደች ሌላ የለንም።

ስለዚህ ዳቦ መጋገር ተውኩ።

«አንቺው ቆርሰሽ ዝም ብለሽ አትበዪም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ የምትሉ በኋላ የተወለዳችሁ ናችሁ። ወንድ ያልባረከውን የበዓል ዳቦ ሴት ከቆረሰችው ቤቱ ይፈርሳል ይባል ነበር። ቤቱ እስካሁን ቆሟል፤ ያን ጊዜ ግን ይህን አላውቅም።

ጠዋት ጠዋት የማይቆረስ ነገር ብቻ መሥራት ጀመርኩ። የማይቆረስ ቁርስ ምን ያህል ብዙ እንደሆነ ካልተቸገሩ ልብ አይሉትም። ገንፎ አይቆረስም። መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤና በርበሬ አፈስበታለሁ፤ ጾም ሲሆን በቅቤው ፋንታ ተልባ ይገባል። ቂንጬም አይቆረስም። ስንዴው ሲያንስ በገብስ ይሠራል፣ ገብሱም ሲያንስ አጃ ይጨመርበታል፤ ልጆቹ ልዩነቱን የሚያውቁት እኔ ስነግራቸው ነው። በሶ ይጨበጣል። ቂጣ ይቀደዳል እንጂ አይቆረስም፤ በዚህ ነገር ላይ ብዙ አስቤበታለሁ። ዳቦ ቆሎማ ገና ሊጥ ሳለ ተቆራርጦ ያለቀለት ነው፤ ማንም አባወራ መጥቶ የሚጨምርበት ነገር የለም። ቡሄ ሲቃረብ ፈርቼ ነበር፤ ቡሄ ለደብረ ታቦር ሰው የአገሩ ስም በዓል ነውና። የቡሄ ዳቦ ግን ሙልሙል ነው። ትንንሽ ነው፣ ለየልጁ የየራሱ ይደርሰዋል፣ ቢላዋ አይነካውም። ፈጣሪን አመሰገንኩ።

እንደዚያ ዘመን በልተን አናውቅም። ሁሉም የፍርሃት ሥራ ነው።

ጋሼ ደምሴም አልቀሩም። ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን ያስቀድማሉ።

«ዛሬስ ምን አለ?»

«ቂንጬ ነው ጋሼ፣ ይግቡ።»

«ትናንትስ?»

«ገንፎ ነበር። በልተውት ሄደዋል እኮ።»

«እኔን የሚገርመኝ በዚህ ቤት ዳቦ አይጋገርም ወይ?»

«እርሾው አልነሣ አለኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ሐዘን ላይ ነው።»

ጋሼ ደምሴ ለእርሾው አንገታቸውን ነቀነቁለት። ከዚያ ቂንጬያቸውን ጨርሰው፣ አስጨምረው፣ እሱንም ጨርሰው ወጡ። ሲወጡ ማሳዋን አዩ።

እንዲህ እያልን ዘመኑን እናሳልፍ ነበር፣ ጥሩዬ ባትኖር ኖሮ። አንድ ቀን ጠዋት የተጨበጠውን በሶ በእጇ እንደያዘች ሳትበላው ቆየች።

«እማዬ» አለችኝ። «አባዬ ሲሞት ዳቦም ሞተ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የማይቆረስ ቁርስ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«አልሞተም» አልኳት። «ለእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦ ትበያለሽ።»

ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው ዘዴ መፈለግ የጀመርኩት። ዘዴውም የንስሐ አባቴ ሆኑ። አባ ወልዴ እግራቸው አብጦ ከቤት ከዋሉ ከራርመዋል። ዳቦውን እሳቸው ቤት ወስጄ አባ ባርከው ከቆረሱልኝ ማንም ምንም ሊል አይችልም። አባ ማሳ አይፈልጉም። ቢፈልጉም ወርደው አያርሱትም።

በዋዜማው ዱቄቱን ነፋሁ፣ ሊጡን አሸሁ፣ ጥቁር አዝሙድ ነሰነስኩበት። ጨው የቻልኩትን ያህል አደረግሁ። የቻልኩት ትንሽ ነበር። እርሾው ሐዘኑን ረስቶ ኩፍ ብሎ አደረ። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ዳቦው ከኮባው ውስጥ ወጥቶ ሲታይ፣ ጥሩዬ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በሩቁ ዞረችው፤ እንግዳ ሰው የመጣ ይመስል።

እንግዳውስ ደጃፍ ላይ ነበሩ። ጋሼ ደምሴ ነጭ ለብሰው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ቆመዋል።

«እንኳን አደረሰሽ» አሉ ለዳቦው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኩ እኔ።

ጨርቁን ሲፈቱት ከውስጡ አዲስ የተሳለ ቢላዋ ወጣ።

«አጎቴ፣ ቢላዋ ይዘው የመጡት ለምንድን ነው?» አለች ትርንጎ። «እኛም ቤት አለ እኮ።»

«የእናንተ ደንዟል።»

«እንዴት አወቁ?»

«ዳቦ ከቆረሰ ስንት ጊዜው።»

«ጋሼ» አልኩ ቶሎ ብዬ፣ «ዳቦውን አባ ወልዴ እንዲባርኩት ስለት አለብኝ፤ እሳቸው ዘንድ ልወስደው ነው።» ስለቱን የተሳልኩት ያኔውኑ፣ እዚያው እንደቆምኩ ነው።

ጋሼ ደምሴ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ። «አባ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከባረኩት በኋላ እኔ እቆርሰዋለሁ።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

መንገዱ ጭቃ ነው። እንዳይወድቅብኝ ብዬ ዳቦውን መልሼ በኮባው ሸፍኜ በነጠላ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አዘልኩት። ጀርባዬ በዚያ ብርድ ሞቀ። ከኋላዬ ልጆቼ፣ ከልጆቼ ኋላ ጋሼ ደምሴ ከነቢላዋቸው ተከተሉ። እንዲህ ሆነን ኬላው ላይ ደረስን።

ኬላው ማለት መንገዱን ያቋረጠ ገመድ፣ አንድ ጣልያን ወታደርና አንድ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው፤ ካፖርት ከለበሰ ወዲህ ግን ለማንም «አንቱ» ማለት ትቷል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሕዝብ በሁለቱም ወገን ተሰልፎ ይፈተሻል። ጎረቤቶቼ ሁሉ እዚያ አሉ።

አስተርጓሚው ጀርባዬን አየ።

«ያዘልሽው ልጅ ይጨሳል» አለ።

«ዳቦ ነው።»

«ዳቦ ለምን ይታዘላል?»

«መንገዱ ጭቃ ነው።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ዳቦ።»

«ከዳቦው ውስጥ ነው የምልሽ።»

«እሱም ዳቦ ነው።»

በዚያ ሰሞን ሴቶች በዳቦ ውስጥ ጥይት ሸሽገው ለአርበኞች ያሳልፋሉ የሚል ወሬ ነበር። ወሬ ነበር እላለሁ። የእኔው ግን የዚያን ቀን ዳቦ ብቻ ነበር።

አስተርጓሚው ለወታደሩ አንድ ነገር ነገረው። ወታደሩ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«የዚህ ዳቦ ባለቤት ማን ነው?» አለ አስተርጓሚው ጮክ ብሎ። «የቤቱ አባወራ ይምጣና እዚሁ ይቁረጠው። ጥይት ከተገኘበት የሚታሰረው እሱ ነው።»

እኔ ዞሬ ጋሼ ደምሴን አየሁ። ልጆቼም አዩአቸው። ሰልፉም አያቸው። ጋሼ ደምሴ ቢላዋውን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት።

«አንተ ነህ?» አላቸው አስተርጓሚው።

«እኔ?» አሉ። «እኔ መንገደኛ ነኝ።»

«ከእሷ ጋር አይደለም የመጣኸው?»

«መንገዱ አንድ ሆኖብን ነው። ዳቦው የእሷ ነው። ቤቱም የእሷ ነው።» ትንሽ አሰቡና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ከቤቷ በታች ያለችው ማሳም የእሷ ናት» አሉ።

ሰልፉ ይህን ሰማ። ከሰልፉ ጫፍ ላይ ያሉት ሳይሰሙ ቀርተው ሲጠይቁ፣ ፊት ያሉት ደገሙላቸው።

«አጎቴ» አለች ትርንጎ፣ «እንግዲያው ቢላዋዎን ያውሱን።»

ጋሼ ደምሴ ቢላዋውን ከጋቢያቸው አውጥተው ሰጧት፤ እንዲያውም ከእጃቸው በመውጣቱ ደስ ያላቸው መሰሉ።

«አባወራዋ እኔ ነኝ» አልኩ።

ዳቦውን መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩበት፣ ቆረስኩ። ቁራሹ ጠማማ ወጣ። ታደሰም እንዲሁ ጠማማ ነበር የሚቆርሰው፤ ያን ሁሉ ዓመት እኔ ብሆን ቀጥ አድርጌ እቆርሰው ነበር እያልኩ ስንቀው ኖሬያለሁ። እንፋሎቱ ወጣ። ከጥቁር አዝሙድ በስተቀር ምንም ጥቁር ነገር አልነበረበትም።

ወታደሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መለሰና አንድ ቁራሽ አንሥቶ ጎረሰ። ሰማይ ሰማዩን እያየ አኘከ። አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኩ።

አስተርጓሚው እንደማፈር አለ። «ጨው ያንሰዋል ይላል።»

እዚያው ድንጋዩ ላይ፣ ከዳቦው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሳለቅስ ሰልፉ የፈራሁ መሰለው። ከዚያ ስስቅ ደግሞ አእምሮዬ የተነካ መሰለው። ትርንጎ ብቻ ገብቷት በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ጨው ያለበት ቤት ካገኘህ እዚያው ቅር በለው» አልኩት አስተርጓሚውን።

ይህን አልተረጎመም።

አባ ወልዴ ቤት ስንደርስ ዳቦው ጎድሎ ነበር። ጥሩዬ በየእርምጃዋ ስትጎርስ ነው የመጣችው።

«ማን ባረከው?» አሉኝ አባ።

«እኔ አባ።»

«ማንስ ቆረሰው?»

«እሱንም እኔ።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ተረፈኝ?»

«መብላት ነዋ፣ አባ።»

ይኼኛው አልከበዳቸውም።

የእርሻ ወራት ሲደርስ ጋሼ ደምሴ የወንድሜን ማሳ እኔ ልረሰው ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ። ከተሰበሰቡት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ያን ቀን ሰልፉ ውስጥ ነበሩ። አንዱ ጢማቸውን እያሹ፣ «እርስዎ መንገደኛ አልነበሩም እንዴ?» አሏቸው። ጉባኤው በዚሁ ተበተነ። እስከ ዛሬም አገሩ «መንገደኛው» ይላቸዋል። እኔ ግን በስማቸው ነው የምጠራቸው። አሁንም ለበዓል ይመጣሉ፤ እንግዳ ናቸውና ትልቁን ቁራሽ አነሣላቸዋለሁ። ቢላዋውን መልሰው አልጠየቁኝም።

ጣልያን ሄደ፣ መንገዱም ተከፈተ። ያ ወታደር ጨው ያለበት ቤት አግኝቶ እንደሆነ አላውቅም።

አሁን በየበዓሉ ድፎ ዳቦ እጋግራለሁ፤ እባርካለሁ፤ በጋሼ ደምሴ ቢላዋ እቆርሳለሁ። ጨው ጨምሬበታለሁ።